ደረጃና ደረጃችን

ቤት ሲሠራ ስለ ሳሎኑ ስፋት፣ ስለ መስኮቱ አቅጣጫ፣ ስለ በሩ ቀለም ብዙ ይመከራል። ስለ ደረጃው የሚመክር ግን ጥቂት ነው። ደረጃ የሚታሰበው ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የተገኘው ርካሽ ነገር ይለጠፍበታል። የቤተ ሰቡን ክብደት ከጧት እስከ ማታ የሚሸከመው ግን እርሱ ነው። ስለዚህ ለደረጃ የሚገባው ወጥ እንጨት ነው እላለሁ፤ ያም እንጨት ከጫካ ሳይሆን ከፈረሱ ቤቶቻችን ሊመጣ ይገባዋል።

ውድ አንባቢ፣ «የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በአናጢ ሥራ ምን አገባው?» ትል ይሆናል። ያገባን ቋንቋችን ነው። በአማርኛ በእግር የምንወጣው ነገርና የሰው ማዕረግ በአንድ ቃል ይጠራሉ። እኔ በምሠራበት ባንክ የሠራተኛ ደረጃ ሳይነሣ የሚውል ቀን የለም፤ የምንረግጠውን ደረጃ ግን ዝቅ ብሎ የሚያየው የለም።

ነገሩን ለመረዳት ከምኒልክ አደባባይ መራቅ አያስፈልግም። በ1923 ዓ.ም. ከቆመው የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው፣ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው የአራዳ አሮጌ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ ያውቃል፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ ሰገነቱ እንጨት፣ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣውም እንጨት። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን የጎበኘም የእንጨት ደረጃውን አይረሳም። እንዲህ ባለው ደረጃ ላይ መሐሉ እንደ ጣባ ጎድጎድ ያለ ጣውላ ይታያል። ያ ጉድጓድ የእግሮች ጽሕፈት ነው። ሴራሚክ ይሰበራል እንጂ እንዲህ አይጻፍበትም።

ይህን የምጽፈው ለናፍቆት ብዬ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ዘንድሮ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየሠራ ነው፤ ላይኛው ክፍል የሚኖሩት ከሰባ ዓመት ያለፉት እናታችን ናቸው። ወንድሜ ሴራሚክ ይላል፤ እኔ እንጨት እላለሁ። እርጥብ ሴራሚክ ያዳልጣል፤ በክረምትም ለአረጋዊ እግር በረዶ ነው። «እንግዲያስ ችፑድ ላይ ስስ የእንጨት ልባስ ይለጠፍ» የሚል አስታራቂም መጣ። እኔ ግን በሙያዬ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነኝና በሒሳብ መለስሁለት። የልባሱ ውፍረት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ያልቃል፤ ውሃ ከነካው ችፑዱ ያብጣል። አራት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ወጥ ጣውላ ግን ሲያረጅ ይላጋል፤ ደግሞ ሲያረጅ ተገልብጦ በሌላ ገጹ ያገለግላል። ርካሹ የትኛው እንደ ሆነ የልጅ ልጅ ይፍረድ።

የእንጨት ዓይነትም በስም ብቻ አይመረጥም። በዕፀዋት አከፋፈል ሰፊ ቅጠል ያለው ዋንዛ «ጠንካራ እንጨት» ይባላል፤ ጥድና ዝግባ ግን «ለስላሳ» ከሚባሉት ወገን ናቸው። አናጢ ዘንድ ስንመጣ ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ለቁም ሣጥንና ለወንበር የተፈጠረ የዋህ እንጨት ነው፤ የጫማ ተረከዝ በቀላሉ ያጎደጉደዋል። ወይራ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ረጅምና ሰፊ ጣውላ ግን ከእርሱ ማግኘት ያስቸግራል። ባሕር ዛፍ ጥንካሬ አለው፤ ቀስ ተብሎ ካልደረቀ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።

ይህን ጥያቄ ይዘን አንድ አረጋዊ አናጢ ዘንድ ሄደን ነበር። «ጋሼ፣ ከአዲሱ ጣውላና ከፈረሰ ቤት ከወጣው የትኛውን ይመርጣሉ?» አልኋቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «አዲሱ ገና ከውሃው ጋር እየተጣላ ነው፤ አሮጌው ጠቡን ጨርሷል።» ቀጥለውም አንድ ቁም ነገር ነገሩን፤ ጣውላው የሚመረጠው የደረጃው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ነው። በኋላ የሚደረብ አራት ሳንቲሜትር የመጀመሪያውን ርምጃ ያስረዝማል፣ የመጨረሻውን ያሳጥራል፤ እግር ደግሞ የሚሰናከለው እንዲህ ባለ ልዩነት ላይ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ተተኩ፤ ስጋቱ ግን አልተተካም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ ከፍርስራሹ ጋር የተጫነ የደረጃ ጣውላ በጭነት መኪና ሲያልፍ አይቻለሁ። ቆሞ ላለው ዝግባ አዋጅ እናወጣለን፤ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ስንት ትውልድ ተሸክሞ ለኖረው ዝግባ ግን አንድ ሰው «ቆይ!» አይልም። ይህን እያሰብሁ ሁለት ስንኝ ጽፌአለሁ፦

ዛፍ ሁለቴ ይሞታል ሰው ከጨከነበት፤
አንድም በዱር በምሳር፣ አንድም ተረስቶ በቤት።

«እንጨት ይቃጠላል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴልን ያገኘውን እሳት ማን ይረሳል? ምስጥም አለ፤ ሲረገጥ መንቋቋትም አለ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መሥመርን ማደስ፣ ጣውላን ከእርጥበት መጠበቅ፣ የላላ ሚስማርን ማጥበቅ የባለቤት ግዴታ ነው። እንክብካቤ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ይጣል ከተባለ፣ መጽሐፍም ይቃጠላል፤ መጽሐፍንም ብል ይበላዋል።

ስለዚህ ቤት ለምታፈርሱ የምለው ይህ ነው፤ ጣውላውን ከግድግዳው በፊት አውርዱት፣ ሚስማሩን ንቀሉለት፣ ከዝናብ አስጠግታችሁ ለሚሠራ ሰው ሽጡት። ቤት የምትሠሩም አዲስ ዝግባ ከመጠየቃችሁ በፊት የወረደውን ጠይቁ። የወንድሜና የእኔ ክርክር ገና አልተቋጨም፤ ኮንክሪቱ ግን እስካሁን አልተሞላምና ተስፋ አለኝ።

ቸር ይግጠመን።