በቁርባን ያገባችም ትታመማለች

የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን በዘመቻ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው፤ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን ይዞ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ በኖረችው ጎንደርም ሆነ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ፣ ከክትባቱ ቀድሞ የሚደርስ ወሬ አለ። አንደኛው «ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው» ይላል። ሁለተኛው በሃይማኖት ስም ይመጣል፦ በድንግልና ለምትኖር ልጅ የዝሙት በሽታ መከላከያ ምን ይሠራላታል? ልቧን ማሸፈት አይሆንም ወይ?

የመጀመሪያው ብዙ አያከራክርም። ክትባቱ ካንሰሩን ከሚያመጣው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ቫይረስ ቅርፊት ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም። ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው።

ሁለተኛው ግን ከልጃቸው በላይ የሚሳሱለት ነገር ከሌላቸው አባቶችና እናቶች አፍ ስለሚወጣ ከባድ ነው። በቅንነት ይናገሩታል፤ ስህተት ነው። ልጅቷን እስከ ሠርጓ ቀን በድንግልና የጠበቀ ቤተሰብ፣ ሙሽራው ከእርሷ በፊት ከማን ጋር እንደነበረ ጠይቆ ያውቃል? ከአንድ ባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴት ቫይረሱን ከዚያው ከባሏ ታገኘዋለች። ተጠልፋ የተወሰደችዋስ? በጦርነት የተደፈረችዋስ? የእነርሱ ኃጢአት የቱ ነው? ክትባቱ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይቀድማት እንዲደርስ ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ሴት ልጅ በልጅነቷ የምትዳርበት ቤት ዛሬም አለ። ለትዳር ደርሳለች የተባለችን ልጅ ለክትባት ገና ናት ማለት ምን ዓይነት ጥበቃ ነው?

በሽታው ሲጀምር አያምም። ሲገፋ ከግንኙነት በኋላ ደም ይታያል፤ ቀጥሎ ያለ ወሩ ይፈስሳል፤ ፈሳሹም ይሸታል። ደም የሚፈስሳት ሴት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት ቤተ መቅደስ አትገባም። ዕድሜዋን ስታስቀድስ የኖረች እናት ከደጅ ትቆማለች፤ ከቁርባን ትለያለች፤ ሽታውን እያፈረች ከጎረቤት ቡና ትቀራለች። ሆስፒታል ስትደርስ ብዙ ጊዜ መሽቷል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በሬ ተሽጦ፣ ተራ ተጠብቆ። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ5,000 በላይ ሴቶችን ይገድላል። በስኮትላንድ ግን በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉ በሙሉ ከተከተቡት ሴቶች መካከል አንድም ታማሚ አለመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል።

ክትባት የባዕድ ነገር ነው ለሚሉኝም ታሪክ አለኝ። ከ200 ዓመት በፊት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ፈንጣጣ ሲገባ ያየውን ጽፏል፦ ደብተራው ክንድን በምላጭ በመስቀል ቅርጽ ይበጣና ከታማሚ ቁስል የወሰደውን መግል ያስገባበታል። አደጋ ነበረው፤ ሰው ግን ይከተብ ነበር። መስቀሉም ክትባቱም አንድ ክንድ ላይ ነበሩ።

በ1999 ዓ.ም ደግሞ ኤችአይቪ ያለባቸው ምእመናን በጠበል ምክንያት መድኃኒት ሲያቋርጡ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በግልጽ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ቃል ዛሬ ከየንስሐ አባቱ እፈልጋለሁ። ክትባቱ በትምህርት ቤት በኩል ይሰጣል፤ በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ ግን ልጅቷ ቤት ገብቶ የሚጠይቃት ካህኑ ነው። ዝም ካለ ወሬው ያሸንፋል። ጤና ኤክስቴንሽኗ የክትባት ሳጥኗን አንጠልጥላ በመጣች ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን አቁሞ ይናገር፤ የራሱንም ልጅ በመጀመሪያ ያስከትብ።