ለሰው የማይሆን ለከብት

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ከብት መኖና ስለ ከብት በሽታ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ «ደግሞ እናንተን ማን ጠራችሁ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። «ይህ የእንስሳት ሐኪሞች ነገር ነው፤ እነርሱም በደብረ ዘይት ኮሌጅ አላቸው፤ የእናንተ ፈንታ ታሪክና ሰዋስው ነው» ይሉን ይሆናል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እንል ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን በአንዲት እናት ቤት የጠጣነው አንድ ብርጭቆ ወተት ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን የአንድ ጓደኛችንን እናት ልንጠይቅ ወደ ከተማው ዳር ሄደን ነበር። እኒህ እናት ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ልጃቸውን እዚህ ያደረሱትም በነዚሁ ላሞች ወተት ነው። ከበረቱ ጥግ የኑግ ፋጉሎ የተሞላ ጆንያ ቆሟል። ዝናቡ ጣራውን አልፎ ስላረጠበው የጆንያው ግርጌ ሻግቶ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሷል። እናታችን የሻገተውን በእጃቸው ፈቅ ፈቅ አድርገው፣ ከፉርሽካ ጋር ቀላቅለው ለአንዲቱ ላም አቀረቡላት። ከእኛ አንዱ፣ «እማማ፣ ይህ የሻገተው አይጎዳትም?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ለሰው የማይሆን ነው እንጂ ልጄ፣ ለከብት ምን አለበት? ደግሞስ በስንት ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ይጣላል እንዴ?» ብለው መለሱለት። ከዚያም ወተቱን አፍልተው ሰጡንና፣ «ጠጡ፣ በደንብ አፍልቼዋለሁ» አሉን። ጠጣን።

ከሦስታችን ሁለታችን ግን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ቀደም ብለን በእንግሊዝኛ አንብበን ነበር። የመፍላቱ ነገር እንደማይጠቅምም እናውቅ ነበር። ልንነግራቸው አፋችንን ብንከፍት የመጣልን «አፍላቶክሲን» የሚለው ቃል ብቻ ሆነ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉን። አንዳችን «ኬሚካል ነው» አለ፤ ሌላው «ፈንገስ የሚያመነጨው ቶክሲን ነው» አለ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወደ ግቢያችን ስንመለስ በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ተምረን፣ ላስተማረችን እናት በገዛ ቋንቋዋ ልንነግራት ያልቻልነው ዕውቀት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ ያን ዕለት ልንናገረው ያቃተንን ነገር ዛሬ እንናገረው። በፋጉሎ፣ በለውዝ፣ በበቆሎና ይህን በመሳሰለው ሁሉ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አለ። ይህ ሻጋታ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ መርዝ ያመነጫል። ዓለም ይህን መርዝ ለይቶ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ ተፈልጎ ተፈልጎ፣ ከብራዚል በመርከብ መጥቶ ከመኗቸው ጋር የተቀላቀለው የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ላም ይህን መርዝ ከመኖዋ ጋር ስትበላ፣ መርዙ በጉበቷ ውስጥ መልኩን ለውጦ ከፊሉ ወደ ወተቷ ይገባል። ወተቱን ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ተሕዋስ ነው፤ ይህ መርዝ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ እሳቱን ችሎ ያልፋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ሰው አይገድልም። ጉዳቱ ያለው በየቀኑ፣ በየዓመቱ ሲጠራቀም ነው፤ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ከሁሉ ይልቅ ወተት የሚጠጣው ደግሞ ሕፃን ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው፣ መርዙ ያልተገኘበት አንድም ናሙና አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ 29ኙ ደግሞ ከዚያ በ10 እጥፍ የላላውን የአሜሪካንን ልክ እንኳ አልፈው ተገኙ። ጥናቱ በተለይ ያመለከተው ወደ ኑግ ፋጉሎ ነው። እንግዲህ «ለሰው የማይሆን ለከብት» የምንለው አነጋገር ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ለከብት የሰጠነው በወተቱ አድርጎ ወደ ሰው ይመለሳል።

የከብት ጉዳት የሰው ጉዳት መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ዘመን የመጣው በከብት በሽታ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር አንድ ተላላፊ በሽታ ገባ። አገሬው ስሙን «ደስታ» ይለዋል፤ ያደረገው ግን የስሙን ተቃራኒ ነው። ከአገሪቱ ከብት ከ100 እጅ 90 እጁን እንደ ፈጀው ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም እህል ጠፋ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨምሮበት ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። አጤ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ ማረስን እንዲለምድ በገዛ እጃቸው መሬት ቆፍረው አሳዩ ተብሎ ይነገራል። በሽታውም በኢትዮጵያ አላቆመም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ጎሹን፣ ቀጭኔውንና አጋዘኑን ጨምሮ ጨረሰ። የበረት ከብትና የዱር አውሬ አንድ ሣር ይግጣሉ፣ ከአንድ ውኃ ይጠጣሉ፤ በሽታም በመካከላቸው አጥር አያውቅም።

የዚህ በሽታ አጨራረስ ግን ከአጀማመሩ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ፣ ሙጉጋ በተባለ ሥፍራ አስተማማኝ ክትባት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ነው። በሽታው ከኢትዮጵያ የጠፋው ግን ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህ ሁሉ ዓመት ለምን ባከነ? ጦርነቱም፣ የገንዘብ እጦቱም አለበት፤ ነገር ግን አንዱ ምክንያት ክትባቱ ያለ በረዶ የሚበላሽ መሆኑና፣ ሐኪሙም በመኪና መንገድ ዳር መቅረቱ ነው። በሽታው የተደበቀው መኪናም በረዶም በማይደርስበት በአፋር በረሃና እርሱን በመሰለ ሥፍራ ነበር። ኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘ። ከዚህም ጋር አንድ ትልቅ ነገር ተደረገ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ክትባቱ ለአፋር ከብት አርቢዎች ለራሳቸው ተሰጠ። እነርሱ የበሽታውን ምልክት ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ለእያንዳንዱም በሽታ በቋንቋቸው ስም አላቸው። ጥቂት ቀን ሠልጥነው፣ የየጎሣቸውን ከብት ራሳቸው ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በዚያው በአፋር እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕውቀቱ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ክትባቱ በላቦራቶሪ ሳለ ከብት ሲያልቅ ኖሯል፤ ሥራው የተፈጸመው ዕውቀቱ ወደ ባለ ከብቱ እጅ ሲገባ፣ የባለ ከብቱም ዕውቀት በሐኪሙ ዘንድ ሲከበር ነው። በባሌ ተራሮች ያለው የቀይ ቀበሮ ነገርም ይህንኑ ያሳያል። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሌለ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ወርዶበታል። በሽታውን ወደ ደጋው ይዞት የሚወጣው የእረኛው ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ እየተደረገ ለቀበሮዎቹ መጣል ተጀምሯል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን እረኛው ውሻውን ካላስከተበ፣ ለምን እንደሚያስከትብም የሚያስረዳው ካላገኘ፣ ቀበሮውም የእረኛው ልጅም ከአንድ ጥርስ አያመልጡም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን አሳብ ስናካፍላቸው፣ «ሕዝቡን በከንቱ ታስደነግጡታላችሁ፤ ወተት የሚገዛ ይጠፋና የምታዝኑላት ያችው እናት ትከስራለች» ብለውናል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የወተት ነገር ሲወራ መጀመሪያ የሚጎዳው ባለ ሁለት ላም ድኻ እንጂ ፋጉሎውን አርጥቦ የሸጠው ነጋዴ አይደለም። የሆነ ሆኖ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዝም ብንል ወተቱ አይጠራም። ደግሞም ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ ላሚቱ የሻገተ መኖ ሲቀርባት መርዙ በጥቂት ቀን ውስጥ ከወተቷ ይጠፋል። ስለዚህ ለሕዝቡ «ወተት አትጠጡ» ሳይሆን «መኖውን ጠብቁ» ነው የሚባለው።

ግን ደግሞ ሁሉን ነገር በእናቲቱ ጫንቃ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፋጉሎው ገና ከዘይት መጭመቂያው ሳይወጣ ረጥቦ ከቆየ፣ ከነጋዴው መጋዘንም ሻግቶ ከመጣ፣ እርሳቸው ምን ያደርጉታል? የገዙትን ቢጥሉ ሌላውን ማን ይገዛላቸዋል? በዚህ ረገድ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ፋጉሎን ከመጭመቂያው ጀምሮ ማስመርመር፣ በደረቅ ቦታ እንዲቀመጥ ማስገደድ፣ የተበላሸውንም ለሸጠ ሰው ቅጣት መወሰን ይገባቸዋል። ይህ የእነርሱ ግዴታ ነው። የእኛስ?

ማኅበራችን በየዓመቱ ስለ አገር ችግር ይከራከራል፤ ክርክሩም ባይቀር ደስ ይለናል። ነገር ግን በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን ወደ ትውልድ ቦታችን ስንሄድ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘን እንድንሄድ እናሳስባለን። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እውነቱን ይስጡን፤ እኛ ደግሞ ቃሉን እንፈልግለት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በየተወለድንበት ቋንቋ። ቃሉንም ከመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን ከባለ ከብቶቹ አፍ እንጠይቅ። ማኅበሩ የማባዣ መኪናውን ለጥቂት ቀን ቢፈቅድልን ሥራው አይከብድም።

ለመጀመሪያ ያህል ለዚያች እናት ልንነግራቸው ያሰብነውን እዚህ እንጽፋለን። «እማማ፣ ፋጉሎው ሲሻግት መርዝ ያወጣል። ሻጋታውን ቢፍቁትም መርዙ ውስጥ ይቀራል። ላሟ ስትበላው ወደ ወተቷ ይገባል፤ እሳትም አያጠፋውም። ስለዚህ ሲገዙ ደረቁን ይምረጡ፤ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ፣ ጣራው በማያፈስበት ያስቀምጡት፤ የሻገተውን ለላሟ አይስጡ።» ይህን ለማለት አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አላስፈለገንም። ስሕተት ካለበት የሳይንስ ተማሪዎች ያርሙን፤ የታረመውንም በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እኛ ግን እትሙን አንጠብቅም፤ በመጪው ቅዳሜ ወደ እርሳቸው ቤት እንሄዳለን፤ የሚያፈሰውንም ጣራ ለመድፈን ቆርቆሮና ምስማር ይዘን ነው።

ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች