ስሙን ሳይሆን ጅራቱን እንይ



ኹጥባ፣ ትምህርትና ፎቶ በፍላሽና በኢሜይል በምንለዋወጥበት በዚህ ወቅት፣ ዜናን እንደምናጣራው ሁሉ የሚደርሰንን ፋይልም ሳንከፍት ማጣራት ይገባናል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የባለቤቱ ምስጢር ብቻ አይደለም። የብዙ ወንድሞችና እህቶች ስም፣ ስልክና ደብዳቤም አማና ሆኖ ተቀምጦበታል።

ስጋቱ መሠረት አለው። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መገኘቱን አጋልጧል። በ2014 ደግሞ በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላከ፣ ሰነድ የሚመስል ፋይል የስለላ ፕሮግራም እንደነበረ ይፋ አድርጓል። በሁለቱም ማጥመጃው ተቀባዩ ሊያየው የሚጓጓለት ነገር ነበር።

ታዲያ እንዴት እንለየው? የፋይል ስምና ምስል እንደተፈለገ ይለወጣል። ዋናው ጅራቱ ነው። በ«ኢኤክስኢ» ወይም በ«ኤስሲአር» የሚያልቅ ፋይል ፎቶ ወይም ጽሑፍ ሳይሆን፣ ሲከፈት ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ይህን ጅራት ስለሚደብቅ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ»፣ «ቪው» ውስጥ ገብተን የሚደብቀውን ምልክት እናንሳ። «ታይፕ» በሚለው ረድፍ «አፕሊኬሽን» የሚል ፎቶ ካየን እጃችንን እንሰብስብ። ፍላሽ ላይ ፎልደራችን በድንገት «ሾርትከት» ከሆነም ደብል ክሊክ አናድርግ፤ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

የላከው የምናውቀው ሰው ቢሆንም በስልክ ወይም በአካል እንጠይቀው፤ አድራሻው ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ቫይረስቶታል የተባለው ድረ ገጽ ፋይልን በብዙ አንቲቫይረስ ይመረምራል። ነገር ግን የሚጫንበት ፋይል በሌሎችም እጅ ሊገባ ስለሚችል የግል ሰነድ አንጫንበት። «ንጹህ ነው» ማለቱም ዋስትና አይደለም፤ አዲስ የስለላ ፕሮግራም ሊያመልጠው ይችላል።

የከፈተ ሰው ካለ ኢንተርኔቱን ወዲያው ያቋርጥ፤ የይለፍ ቃሎቹን በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ይቀይር፤ የሚጻጻፋቸውንም ያስጠንቅቅ፤ ኮምፒውተሩንም ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳይ። አፍሮ መደበቅ ጉዳቱን ወደ ሌሎች ያሻግራል። የነገረንን ሰው ልናመሰግነው እንጂ ልንወቅሰው አይገባም።

ሰበቡን እናድርስ፤ ጥበቃው ከአላህ ነው።

አላሁ አክበር!