«ሰቨን ይሻለኛል» ለምትሉኝ

አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በቴሌግራም ጥያቄ ላከልኝ። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። «ቲቸር፣ ሱቅ ያለችው ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ ሰቨን ናት። ያየኝ ሁሉ ‹አሁንም ሰቨን?› እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን እውነቴን ነው፣ ከአዲሶቹ ትሻለኛለች። ምን ይመክሩኛል?» ይላል። ይህንኑ በተለያየ መንገድ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን እዚህ ልጻፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ለሚስቁበት ሰዎች፦ ልጁ ውሸት አልተናገረም። ሰቨን ጥሩ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2009 ሲወጣ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ቪስታ በክብደቱና ለትንሹም ለትልቁም ፈቃድ በመጠየቁ ሰውን አስመርሮ ነበር። ሰቨን ቀለል ብሎ መጣ። 32 ቢቱ 1 ጊጋ ራም ይበቃኛል ይል ነበር፤ 2 ጊጋ ካላችሁ ደግሞ ወርድና ኤክሴል ከፍታችሁ ቀኑን ሙሉ ትሠሩበታላችሁ። ዊንዶውስ 11 ግን ገና ለመጫን ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል። «ሆም» የሚባለው እትም ደግሞ ሲጫን ኢንተርኔትና አካውንት አምጡ ይላል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤክስፒንም አስታውሱ እንጂ። ፍላሽ ገና ስትሰኩ ቫይረሱ «አውቶራን» በምትባለው ፋይል ተነሥቶ ይሮጥ ነበር። አንድ ፍላሽ የላቡን ኮምፒውተር ሁሉ ያዳርሳል። ሰቨን ይህን በር ለፍላሽ ዘጋው። ሾርትከት ቫይረሱ ግን ሰው በገዛ እጁ ስለሚጫነው ቀጠለ፤ ለዚያ እንኳ ሰቨንን አልወቅሰውም።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። ኤክስፒ ፎንት ካልጨመራችሁለት አማርኛን በባዶ ሣጥን ነበር የሚያሳያችሁ። ከቪስታ ጀምሮ ግን «ኒያላ» የተባለው ፎንት ከነአማርኛ መጻፊያው አብሮ መጣ፣ ሰቨንም ወረሰው። ስሙ ከደጋ አጋዘናችን የተወሰደ ነው። ማለትም ሰቨን ያለው ሰው ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳይጭን፣ በዩኒኮድ አማርኛ መጻፍ ይችል ነበር። ስንቶቻችን ተጠቀምንበት? እጃችን ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን ለምዶ ስለነበር ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው።

የልጁ ችግር ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መልሼ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ሰቨንን ያልለቀቀው ስለወደደው ብቻ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ላይ የብዙ ዓመት ሥራ አለ፦ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ። አብዛኛው በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ዝባዝንኬ ይሆንበታል። ደንበኛው መጥቶ «ያንን ውል ቀኑን ቀይረህ አትምልኝ» ሲለው ያቺ ማሽን ብቻ ናት የምታነብለት።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፣ ላልነበራችሁት ግን ልድገመው። የድሮዎቹ ፎንቶች ለአማርኛ የራሱ ቦታ ስላልነበረው ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑን ነው፤ «ሀ» የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ «ሀ» የለም። ዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ስልክ ላይም፣ ኢሜይል ላይም፣ እዚህ ፌስቡክ ላይም ያው ነው። እኛ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሮጌው መንገድ መጻፋችንን ቀጠልን።

እንግዲህ «ሰቨን ይሻለኛል» ማለት ለብዙ ጽሕፈት ቤት «ፋይሌ እዚያ ታስሯል» ማለት ነው። ሁለቱን ለይተን እንይ።

ምክንያቱም በሰቨን ላይ ኢንተርኔት ከፍቶ መቀመጥን አልደግፍም። እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። የደኅንነት ማስተካከያ ለተራው ተጠቃሚ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ቆሟል። ክሮም ከ109ኛው እትም በኋላ ትቶታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰውን ዋናክራይን አስታውሱ፦ ማንም ምንም ሳይጫን በኔትወርክ እየዘለለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን። ከተያዙት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ሰቨን ነበሩ፤ መድኃኒቱ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው።

እኛ አገር ለምን እንደማይዘመንማ እናውቃለን። ቅጂው ክራክ ነው። አፕዴት ሲደረግ ስክሪኑ ይጠቁርና ጥግ ላይ «ይህ ቅጂ ትክክለኛ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ስለዚህ ፎርማት ያደረገው ልጅ አፕዴቱን ዘግቶ ነው የሚያስረክባችሁ። በዚያ ላይ ዳታ ይበላል። ያኔ መድኃኒቱ እየወጣም ያልደረሰው ኮምፒውተር ብዙ ነው፤ ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱም የለም። በዚህ ማሽን የሞባይል ባንክ መክፈት፣ የደንበኛ ፓስፖርት ስካን አድርጎ በኢሜይል መላክ... ተዉ እንጂ።

ታዲያ ለልጁ ያልኩት ይሄንን ነው። ማሽኗን አትጣላት፣ ፎርማትም እንዳታደርጋት። የኢንተርኔት ገመዱን ግን ንቀልላት። መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ገልብጥ፣ ፎንቶቹንም አብረህ ቅዳ፤ ፎንቱ ከጠፋ ፋይሉ መኖሩ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ሰው መልሶ የሚፈልጋቸውን እዚያው ማሽን ላይ ፒዲኤፍ አድርግ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ መልኩ አይበላሽም። ግን ውስጡ ያው ነው፤ «ውል» ብለህ ብትፈልግ አያገኝልህም፣ ማረምም አትችልም። ስለዚህ ነገም የምትሠራባቸውን ወደ ዩኒኮድ ቀይር። የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሆኖም ከቀየሩ በኋላ ዓይን ያስፈልጋል። በተለይ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ገጽ ላይ ተጠንቀቅ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል አማርኛ ነው ብሎ ወደ ዝባዝንኬ ሊለውጥብህ ይችላል። ስምና የብር መጠን ከወረቀቱ ጋር አስተያይ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽህም። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት በቀን አምስት አምስት ፋይል ብትል ያልቃል።

ለኢንተርኔቱስ? ብዙ ሰው «10 ጫን» ይለዋል። የ10ም ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። 11ን ደግሞ የልጁ ዓይነት አሮጌ ማሽን በደንቡ አይቀበለውም፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። 4 ጊጋ ራም ላለው ሁለተኛ አሮጌ ኮምፒውተር እኔ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። በነፃ ነው፣ ክራክ የለውም፣ አፕዴት ስታደርጉት የሚጠቁር ስክሪንም የለም። አማርኛ መጻፊያውን ኪይማን በነፃ ይሰጣችኋል። ፓወር ግዕዝን እዚያ ላይ እንደ ዊንዶውሱ አትጠብቁት፤ ለዚህም ነው መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ አውጡ የምለው።

ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወይም ቤታችሁ የድሮ ፋይል የተቀመጠ ካለ፣ ዝባዝንኬ የሆነባችሁን ፋይል በወርድ ክፈቱና ጽሑፉን መርጣችሁ የፎንቱ ስም ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚል እዩልኝ። ስሙን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ የማውቀው ከሆነ ምን መጫን እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ። የሰው ውል ግን ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ እንዳትለጥፉብኝ።