የፊት ጎማ መቆለፊያው ከክረምት በፊት ይፈታ

ክረምት በገባ ቁጥር ማዳበሪያ ጭኖ በመረሬ አፈር ላይ የሚቆም አሮጌ ላንድክሩዘር ማየት የተለመደ ነው። ሾፌሩ ለአራቱም ጎማ ኃይል የሚሰጠውን ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ የሚሽከረከሩት ግን የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ወዲያው «ሞተሩ ደክሟል» ይባልና ማኅበሩ ለትልቅ ወጪ ይዳረጋል። በበኩሌ ሞተሩ ከመከሰሱ አስቀድሞ በፊት ጎማዎች መሐል ያለው፣ በእጅ የሚዞረው መቆለፊያ ሊመረመር ይገባል እላለሁ።

መቆለፊያው «ፍሪ» ላይ ሲሆን ጎማው ከሰሚያሱ ተለይቶ ለብቻው ይዞራል፤ ሰሚያሱና የፊት ዲፈረንሲያሉም ያርፋሉ። «ሎክ» ላይ ሲሆን ሁለቱ ይያያዛሉ። አሜሪካዊው አርተር ዋርን እ.ኤ.አ. በ1948 ለጂፖች መሥራት የጀመረው ይኸው መሣሪያ ሲሆን፣ መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። አንደኛው ጎማ ብቻ ቢቆለፍ ኃይሉ ባልተቆለፈው በኩል በከንቱ ስለሚባክን የፊት ጎማዎች አይጎትቱም።

ወንዝ የሚሻገር መኪና ያረጀ ጓርኒሲዮን ካለው ውኃና ጭቃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግራሶው ይደርቃል፤ ተንሸራታቹ ማያያዣ ይጣበቃል። ሾፌሩም በፒንሳ ይታገለውና ይሰብረዋል። እጅ ያላዞረውን ፒንሳ ማዞር የለበትም።

ሥራው የአንድ ቀን ነው። ክዳኑን የያዙት ትናንሽ ቡሎኖች ይፈታሉ፤ በሰሚያሱ ጫፍ ያለው የብረት ቀለበት ይወጣል፤ ከዚያም ዋናው አካል ይወልቃል። ዕቃው በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይደርቃል፤ የላላ ሞላና የተበላ ጥርስ ካለ ይለወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጋራዦች የሚሠሩት ስሕተት አለ፤ ቀዳዳውን ሁሉ በግራሶ ይጠቀጥቁታል። ሞላው የሚገፋው ማያያዣ ወፍራም ግራሶ ውስጥ ሲሰምጥ፣ በተለይ በደጋ ብርድ፣ አይንቀሳቀስም። ስስ ሽፋን ይበቃዋል። ተሞልቶ የሚታሸው ከበስተኋላው ያለው ኩሽኔታ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ሲገጠም መቆለፊያው «ፍሪ» ላይ ሆኖ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን ይሁን።

የማኅበር መሪዎች ሾፌሩን «ቅባት አደረግህ?» ብቻ ብለው መጠየቃቸው አይበቃም፤ ሁለቱም ጎማዎች ተቆልፈው ሲዞሩ በዓይናቸው ይዩ። በወር አንድ ጊዜም መኪናው በአፈር መንገድ ላይ አራቱም ጎማዎች እየጎተቱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ፤ የፊቱ ክፍል ቅባት የሚያገኘው ሲሽከረከር ነውና። የተፈታበት ቀንና የተለወጠው ዕቃ በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ ሾፌር ሲቀየር ተተኪው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።