ጉድለት ቆጠራ ወይስ ማሠልጠን?

የማስተማር ልምምድ ወቅት እየተቃረበ ስለሆነ፣ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለምንሞላት የአስተያየት ቅጽ ጥቂት ለማለት ነው። ቅጿን ሁላችንም እናውቃታለን። ዕጩው ያስተምራል፣ እኛ እንጽፋለን፤ ደወል ሲደወል የጻፍነውን እናነብለታለን፤ እሱም «እሺ መምህር፣ አስተካክላለሁ» ይላል። በቃ፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ከራሴ ልጀምር። ጥቂት ዓመታት አልፎታል፤ እዚሁ መቀሌ ውስጥ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዕጩ መምህር አማርኛ ሲያስተምር ለመከታተል ሄድሁ። ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ ነው። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ትናንት ከብዴን አመመኝ» አለች። ሆዴን ማለቷ ነው፤ ሆድ በትግርኛ ከብዲ ይባላልና። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቱም ፊቷን በደብተሯ ሸፍና ቁጭ አለች።

ዕጩው ጠመኔውን አስቀመጠና «እኔ ደግሞ አዲስ አበባ መጀመሪያ የሄድሁ ቀን ባለሱቁን ማይ ስጠኝ ብለው፣ ማር መስሎት ዋጋ ነገረኝ» አላቸው። አሁን ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ከብዲንና ሆድን፣ ማይንና ውኃን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ጻፈና «ሌላስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ እየተሻሙ ይጠሩለት ጀመር።

እኔ በዚያች ሰዓት ምን እጽፍ ነበር? «ከዕቅዱ ውጭ በወሬ አራት ደቂቃ አባክኗል። ሰሌዳው ላይ ቀን አልጻፈም። የሰሌዳ አጠቃቀሙ የተዝረከረከ ነው።» በጠቅላላው አሥራ አንድ ነጥብ አገኘሁበት። አንብቤ ስጨርስ ልጁ ራሱን ነቀነቀና፣ እንደ መፍራት ብሎ፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እጇን አውጥታለች። አይተዋታል?» አለኝ።

አላየኋትም። እየጻፍሁ ነበር።

ለመሆኑ ይህ የኔ ብቻ በደል ነው? አይመስለኝም። ሙያችን ራሱ ስህተትን ማደን አስለምዶናል። የሥነ ልቡና ሳይንስም ቢሆን ለረጅም ዘመን ትኩረቱ በሽታና ጉድለት ላይ ነበር። ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ይህን አንሥተው፣ ሰው ምን እንደጎደለው ብቻ ሳይሆን ምን እንዳለውም ይጠና ብለው ተነሡ። ከስድስት ዓመት በኋላ እሳቸውና ክሪስቶፈር ፒተርሰን 24 የጠባይ ጥንካሬዎችን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ዘርዝረው አወጡ። ጽናት፣ ደግነት፣ የማወቅ ጉጉት፣ ፍትሐዊነት፣ ራስን መግዛት፣ ተስፋ አሉበት። ቀልድም አለበት! የሰውን ስሜት ቶሎ የመረዳት ብልሃትም አለበት። ያ ዕጩ መምህር በአራት ደቂቃ ውስጥ ያሳየኝ እነዚህን ሁለቱን ነው፤ በኔ ቅጽ ላይ ግን «ወሬ» ተብለው ተመዘገቡ።

ከዚሁ ጎን ለጎን ኮቺንግ ሳይኮሎጂ፣ በእኛ አነጋገር የማሠልጠን ሥነ ልቡና የሚባለው ጥናት አደገ። በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በአንቶኒ ግራንት መሪነት ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ክፍል ከፈተ። እኛን መምህራንን በቅርብ የሚነካው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናታቸው ነው። 56 የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንዱ ወገን ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ማሠልጠንን ከተማረ መምህር ጋር 10 ጊዜ ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ ሌሎቹ ተራቸውን ጠበቁ። የተነጋገሩት ተማሪዎች ተስፋቸውና ችግርን የመቋቋም አቅማቸው ከፍ አለ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ሥራውን የሠራው ሐኪም አይደለም፤ መምህር ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። 56 ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሲድኒም መቀሌ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2005 እነሴሊግማን ባደረጉት ሌላ ሙከራ፣ ዋና ጥንካሬያቸውን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በአዲስ መንገድ የተጠቀሙ ሰዎች ለስድስት ወር ያህል ደስታቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ በራሳቸው ፈቃድ በኢንተርኔት የመጡ ናቸው፤ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተሰጠውን ልምምድ የሠሩትም ቢሆኑ ለጊዜው ደስ ብሏቸው ነበር። ስለዚህ ይህ ነገር መድኃኒት ነው ብዬ አልሰብክም። እንሞክረው ነው የምለው።

ኮች የሚለው ቃል መነሻው ይገርማል። ኮች በሃንጋሪ ሠረገላ የሚሠራባት መንደር ነበረች፤ ስሟ ወደ ሠረገላው ተላለፈ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በቀልድ ኮች አሉት፤ ተሸክሞ ያሻግረናል ለማለት ነው። ወደ ስፖርቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም አሠልጣኝ ሲባል ቶሎ የሚታየን የሩጫው ሜዳ ነው፤ እንግዲያው ወደዚያው እንሂድ።

የትግራይ ልጅ የሆነችው ለተሰንበት ግደይ በተማሪነቷ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሳ ነበር። የተመለሰችው ለትምህርት ቤቱ እንድትሮጥ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2021 ሄንግሎ ላይ የሴቶችን 10 ሺህ ሜትር በ29፡01.03 ሮጣ፣ ገና ሁለት ቀን የሞላውን የሲፋን ሐሰንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዓመቱ በዩጂን በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዚያን ጊዜ እኛ እዚህ ስልክ እንኳ አልነበረንም።

ይህ ታሪክ ለኔ ለሁለት ወገን መልስ ነው። «ተማሪው የሚወደውን ብቻ ይሥራ» ለሚሉት፣ ጥንካሬ ባለቤቱ የማያውቀው፣ አንዳንዴም የሚሸሸው ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በአለመታዘዟ ብቻ ለሚመዝኗት ደግሞ ሌላ መልስ አለው። ያቺ ልጅ «እምቢተኛ» ተብላ መዝገብ ላይ ቀርታ ቢሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ባትኸርስት ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር፣ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ወደቀች። ደግፈው አነሷትና መስመሩን አለፈች። ዳኞቹ ግን ውጤቷን ሰረዙት፤ ደንቡ በሰው ተደግፎ መጨረስን አይፈቅድምና። በቴሌቪዥን ሳየው አንጀቴ ተላወሰ። በኋላ ግን ስለ ሥራችን አሰብሁ። የዕጩውን የትምህርት ዕቅድ ከእጁ ነጥቀን እኛው ስናርምለት፣ «እንዲህ በል፣ እንዲህ ቁም» ስንለው እኮ እያነሣነው ነው። ለዚያች ቀን ያልፋል። ብቻውን በገጠር ትምህርት ቤት ስድሳ ልጅ ፊት ሲቆም ግን ማን ያነሣዋል?

አንድ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው «እና ስህተቱን እያየን ጎበዝ እንበለው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ማለት ከአፋችን የማይጠፋ ቃል ነው፤ ጥንካሬን ማየት ማለት ግን ይህ አይደለም። እነካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በተፈጥሮ ብልህነታቸው የተሞገሱ ልጆች ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው፣ በጥረታቸው ከተሞገሱት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ተገኝተዋል። «ጎበዝ ነህ» ለዕጩው ምንም አይነግረውም። «ሳቁን ከልጅቱ ላይ ወደ ራስህ አዞርኸው፤ ከዚያ እሷ እጇን አወጣች» ማለት ግን ነገም ሊደግመው የሚችለውን ነገር በእጁ መስጠት ነው። ይህን ለማለት ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ለማየት ደግሞ ከወረቀቱ ቀና ማለት። ስለ ስህተቱ ከሆነ፣ ዕጩው ለልጆች የተሳሳተ ትምህርት ካስተማረ በዚያኑ ዕለት በግልጽ ይነገረዋል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ይህን የማነሣበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። የዛሬ ዕጩ መምህራን ብዙዎቹ መጀመሪያ በኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከክፍል ውጭ የቆዩ ናቸው። ጉድለት ከሆነ የምንፈልገው ሞልቷል፤ ቅጹ አይበቃንም። ልጆቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ታናናሾቻቸውን በቤት ሲያስጠኑ የቆዩ፣ ውኃ ቀድተው፣ ገበያ ወርደው ቤት ያቆሙ አሉባቸው። ይህን ማን ጠየቃቸው?

በሌላ በኩል፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ጥንካሬ የሚነገረው ሁሉ የሌላ ነገር መሸፈኛ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በዚህ ክልል መምህራን ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። ደመወዝ ላልተከፈለው ሰው «ጥንካሬህን ፈልግ» ማለት ስድብ ነው። መጀመሪያ እንጀራው፤ ከዚያ ወሬው።

የምጠይቀው ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በነባር መምህር እየታገዘ እንዲሠራ ተደንግጓል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው፤ እኛ ከዚህ፣ ከልምምዱ እንጀምረው። ማርክ በእጁ ለያዘ ሰው ማንም ድካሙን አይነግርም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉብኝቶች ማርክ አይኑርባቸው። ደወል ሲደወል እኛ ከመናገራችን በፊት ዕጩውን እንጠይቀው፤ የትኛዋ ደቂቃ ተሳካችልህ? ያኔ ልጆቹ ምን ሲያደርጉ አየህ? ነገ አንድ ነገር ብትለውጥ ምኑን ትለውጣለህ? ከዚያ እኛ ያየነውን አንድ ጥንካሬና አንድ ጉድለት እንንገረው። አሥራ አንድ አይደለም፤ አንድ። አሥራ አንዱን ማንም አያስታውሰውም፤ እኔ ራሴ ከዚያን ቀን የማስታውሰው ሦስቱን ብቻ ነው።

እናንተም ዕጩዎች አትሳቁ፤ ሥራው የእናንተም ነው። «የቱ ተሳካልህ?» ስትባሉ «ምንም» ብላችሁ አንገት መድፋት ትሕትና አይደለም። ከክፍል ስትወጡ ያያችሁትን በሁለት መስመር ጻፉና ይዛችሁ ኑ።

በዚሁ መሠረት አዲስ ቅጽ አዘጋጅቼ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ። እርሳሱ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የማይመቻችሁን ሰርዙ፣ የጎደለውን ጨምሩበት፤ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አውርጄ እወስደዋለሁ።