የታወቀ አደጋ «ድንገተኛ» አይባልም

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ዜና ቃሉ እንኳ አይለወጥም። አውቶቡስ ገደል ገባ፤ ይህን ያህል ወገን አለቀ፤ «መንስኤው ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር ነው» ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። በማግስቱ ሌላ አውቶቡስ በዚያው መንገድ ይጓዛል። ለመሆኑ በየዓመቱ በአንድ ወቅትና በአንድ ዓይነት ሥፍራ የሚደርስ ነገር «ድንገተኛ» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

አሽከርካሪው ከተጠያቂነት ነጻ ይሁን አልልም። የተፈጥሮ ሕግ ማንንም አይምርም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደሴ መንገድ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ጉም ወርዶ ከ30 ሜትር ወዲያ በማይታይበት ማለዳ፣ ሾፌሩ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ከሚታየው መንገድ ግማሹ አልቋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ አስፋልቱ ሲርስ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ረጅም መብራት ከጉሙ እየነጠረ የሾፌሩን ዓይን ያጭበረብራል፤ የሚያዋጣው አጭሩ ነው። የመጀመሪያው ካፊያም እጅግ ያንሸራትታል፤ የበጋው አቧራና ዘይት ገና አልታጠበምና።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልና መያዝ ይሳነዋል፤ በፎሌ የሚለቀውማ ነፍሱን ለዕጣ ሰጥቷል። መፍትሔው በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘ፣ በዝግታ መውረድ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሾፌር ስለምን አያደርገውም? ነገሩ ወደ ፖለቲካው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ገቢው በቢያጆ ቁጥር ለሚሰላ ሰው፣ ጉሙ እስኪገለጥ ሁለት ሰዓት መቆም ከልጆቹ ጉሮሮ መንጠቅ ነው። ባለ ንብረቱ ያለቀውን ጎማ «ይህን ክረምት ያሻግራል» ሲለው እምቢ ቢል፣ መሪውን የሚረከብ ሌላ ሰው ደጅ ቆሟል። የጥንቃቄው ዋጋ ከሾፌሩ ኪስ፣ የችኮላው ትርፍ ወደ ባለ ንብረቱ ካዝና ከሆነ፣ ምክር ብቻውን ምን ይፈይዳል?

መንገድ መሥራትስ አልተሳነንም። በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን እርዳታ የተሠራው የዓባይ ድልድይ ተመረቀ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። ሪባን የሚቆርጥ ባለ ሥልጣን አጥተን አናውቅም። የሚከብደን ከሪባኑ በኋላ ያለው፣ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው፤ የመንገዱን ጠርዝ በጉም ውስጥ የሚያሳይ ቀለም በየጊዜው ማደስ፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ከባድ መኪና አስቁሞ ፍሬኑንና ጭነቱን መመርመር፣ ጉም ሲበረታ መንገዱን ለጊዜው መዝጋት፣ ለዘጋውም ሹም ከለላ መስጠት።

ከሁሉም በፊት ግን ምርመራው ከሾፌሩ ይሻገር። መኪናውን ያሰማራው ማን ነው? ለጉዞው የተሰጠው ሰዓት ስንት ነበር? ጎማውንና ፍሬኑን አይቶ የፈረመው ማን ነው? ሾፌሩ ከተሳፋሪዎቹ ጋር የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ የሞተን ሰው መክሰስ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ፍርድ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ጉሙ ለከርሞም ይመጣል፤ የሚመጣበትን ወርና የሚያርፍበትን ተራራ እናውቀዋለን። እያወቅን ካልተዘጋጀን ጥፋቱ የጉሙ አይሆንም።